ዘይት የሚለካ ኳስ፦ ባለ 2000 ግሪቱ ሪአክቲቭ ከ9 ወር በኋላ

ይህ የቦውሊንግ ኳስ 15 ፓውንድ (6.8 ኪሎ ገደማ) ይመዝናል። ሽፋኑ ሶሊድ ሪአክቲቭ ሬዚን (ዘይት የሚጠጣ የሽፋን ዓይነት) ነው፤ ከሳጥኑ ሲወጣ በ2000 ግሪት (የመፈተጊያ ቁጥር፤ ሲበዛ ቆዳው ይለሰልሳል) የተፈተገና የማያብረቀርቅ ነበር። ኮሩ (በውስጡ ያለው ክብደት) ሲሜትሪክ፣ አርጂው (ክብደቱ ከመሐል ምን ያህል እንደሚርቅ፤ ሲያንስ ኳሱ ቶሎ ይንከባለላል) 2.50፣ ዲፈረንሻሉ (ኮሩ የሽክርክሪቱን ዘንግ የማንቀሳቀስ አቅሙ) 0.048 ነው። የአሜሪካው የቦውሊንግ አካል ዩኤስቢሲ አርጂን ከ2.46 እስከ 2.80፣ ዲፈረንሻልን እስከ 0.060 ስለሚፈቅድ፣ ኳሱ ቶሎ መንከባለል ከሚጀምሩት ወገን ቢሆንም ከጽንፈኞቹ አይመደብም። ሲበሳ የኮሩ አናት ምልክት ከሽክርክሪቱ ዘንግ 4½ ኢንች እንዲርቅ ተደርጓል። በ9 ወር ውስጥ ከ200 በላይ ጨዋታ አይቷል። የሠሪው ስም እዚህ አያስፈልግም፤ በዚህ ደረጃ ያሉ ኳሶች የሚቀራረቡት በስም ሳይሆን በቁጥር ስለሆነ የሚከተለው ለአብዛኞቹ ይሠራል።

የዚህ ኳስ ሥራ የአናጢ ውሃ ልክ ሥራ ነው። ከቦርሳው መጀመሪያ ይወጣል፣ ኳሱ በሚንከባለልበት ሌን ላይ የተቀባው ዘይት የት እንደሚበዛና የት እንደሚያልቅ ይናገራል፣ ሌሎቹ ኳሶች ከእሱ አንጻር ይመረጣሉ። ከ9 ወር በኋላ ያለኝ ፍርድ፦ ኳሱ እውነት ተናጋሪ ነው፣ እውነቱ ግን ከቆዳው (ከሽፋኑ ገጽ) አያልፍም። ቆዳው ሲለወጥ መዋሸት ይጀምራል። የሚዋሸውም ቀስ በቀስ ስለሆነ ተጫዋቹ የሚጠረጥረው ኳሱን ሳይሆን ሌኑን ነው።

አዲስ በተቀባ ሌን ላይ

ከፋውል መስመር (ተጫዋቹ ማለፍ ከሌለበት) እስከ ፊተኛው ፒን 60 ጫማ (18.29 ሜትር) አለ፤ ወርዱ 39 ጣውላ ነው። ጣውላ የምንቆጥረው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ከቀኝ፣ ለግራ እጅ ከግራ ተነሥተን ነው። ሌኑ ላይ ያሉት የማነጣጠሪያ ቀስቶች በየ5 ጣውላው ተቀምጠዋል፦ አንደኛው ቀስት 5ኛው፣ ሁለተኛው 10ኛው፣ ሦስተኛው 15ኛው ጣውላ ላይ። ዘይቱ ሌኑን ሁሉ አይሸፍንም፤ እንደ አቀባቡ ብዙውን ጊዜ ከ30ዎቹ መጀመሪያ እስከ 40ዎቹ መጨረሻ ጫማ ባለው ይቆማል፣ የቀረው ደረቅ ነው። ውፍረቱ በማይክሮን የሚቆጠር ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ነጸብራቁን ማየት ዘይት መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግርም። መጠኑን የሚናገረው ኳሱ ነው።

ለዚህ ሦስት ውርወራ ይበቃል። በአንድ ዓይነት ፍጥነትና በአንድ ዓይነት የእጅ አለቃቀቅ፣ አንዱ በ5ኛው፣ አንዱ በ10ኛው፣ አንዱ በ15ኛው ጣውላ ላይ ከጣውላው ጋር ትይዩ ይወረወራል። ፒን መውደቁን መቁጠር አያስፈልግም። መታየት ያለበት ኳሱ ፒኖቹ ጋ ሲደርስ የትኛው ጣውላ ላይ እንደሆነና መታጠፍ የጀመረው የት እንደሆነ ነው። 5ኛው ላይ የተወረወረው ቀድሞ ተነሥቶ በኃይል ከታጠፈ፣ 10ኛው ላይ ያለው ፖኬቱን (ለቀኝ እጅ በ1ኛውና በ3ኛው ፒን መካከል ያለውን) ካገኘ፣ 15ኛው ላይ ያለው ደግሞ እየተንሸራተተ ከቀጠለ፣ መሐሉ በዘይት የወፈረ ጎኖቹ የሳሱ የተለመደው የቤት አቀባብ ነው። በእንዲህ ያለው ላይ የመሐሉና የጎኑ ዘይት ልዩነት 8 ለ 1 ወይም 10 ለ 1 ሊደርስ ይችላል። ሦስቱም ውርወራዎች ተቀራራቢ መታጠፍ ካሳዩ ዘይቱ ከዳር እስከ ዳር ተቀራራቢ ነው፤ የስፖርት አቀባብ የሚባለው ይህ ነው። እዚያ ላይ በሁለት ጣውላ መሳት ይቅር አይባልም።

ይህን ፈተና በሚያብረቀርቅ ኳስ ማድረግ ትርጉም የለውም። የተወለወለ ሽፋን በዘይቱም በሳሳው ቦታም ላይ ይንሸራተትና መጨረሻ ላይ ብቻ ስለሚታጠፍ ሦስቱ ውርወራዎች ተመሳሳይ ይመስላሉ። በ500 ግሪት የተፈተገ ኳስም በተቃራኒው ያታልላል፦ ገና ከቀስቶቹ አልፎ መንከባለል ስለሚጀምር መጨረሻው ላይ ያለውን ደረቅ ሳያሳይ ኃይሉን ይጨርሳል። 2000 ግሪት የተመረጠው ለዚህ ነው።

ርዝመቱ ከታወቀ የ31 ደንብ ይረዳል። ከዘይቱ ርዝመት በጫማ 31 ሲቀነስ ኳሱ ዘይቱን ሲጨርስ ሊገኝ የሚገባው ጣውላ ይወጣል። 42 ጫማ ከሆነ 11ኛው፣ 36 ከሆነ 5ኛው፣ 47 ከሆነ 16ኛው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ይህን ቁጥር ቀስቶቹ ላይ ስለሚፈልግ ነው። ቀስቶቹ ያሉት ከፋውል መስመር 12 እስከ 16 ጫማ ላይ ሲሆን ቁጥሩ የሚናገረው ዘይቱ ስለሚያልቅበት ቦታ ነው፤ በመካከላቸው ከ20 ጫማ በላይ አለ። ደንቡ መነሻ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። የሌኑ ወለል ራሱ በጥቂቱ ሊዘነብል ስለሚችል፣ በአንድ ማሽን አንድ ዓይነት ዘይት የተቀባ ጥንድ ሌን እንኳ ግራና ቀኙ ሊለያይ ይችላል። ሁለቱን ሌኖች ለየብቻ ሳይፈትኑ በአንዱ ውጤት በሌላው መጫወት ከሁሉ የከፋው ችኮላ ነው።

ኳሱ ላይ የሚቀረው ቀለበት

ኳሱ ተመልሶ ሲመጣ ከመጥረግ በፊት መታየት አለበት። ኮሩ ዘንጉን በየዙሩ ስለሚያንቀሳቅስ ዘይቱ በአንድ መስመር ሳይሆን በተከታታይ ቀለበቶች ይታተማል፤ ቀለበቶቹ በሁለት ቦታ ተሰብስበው የቢራቢሮ ክራቫት ይመስላሉ። በዚህ ኳስ ላይ ቀለበቶቹ ከዳር እስከ ዳር አራት ጣት ያህል ይሰፋሉ። ወፍራምና ርጥብ ቀለበት ማለት ኳሱ በብዙ ዘይት ላይ አልፏል ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀለበቶች በኋላ የቀሩት ከሳሱ ዘይቱ አጭር ነው፣ ወይም በጨዋታ ብዛት ተቃጥሏል (አልቋል)። ቀለበቶቹ የጣት ወይም የአውራ ጣት ቀዳዳውን ከነኩ አበሳሱ ለተጫዋቹ አልተስማማም፤ ኳሱ በየውርወራው ቀዳዳው ላይ ሲንጓጓ ይሰማል፣ መታጠፉም ይዛባል። ያን የሚያስተካክለው ቀዳዳውን ደፍኖ በአዲስ መለኪያ መብሳት ብቻ ነው።

ዘይቱ ሲለወጥ

የዚህ ኳስ ዋጋ ከሁሉ የታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ጨዋታ ላይ ነው። ሪአክቲቭ ኳስ ዘይት ይጠጣል፤ አራት አምስት ሰው በአንድ መንገድ ሲወረውር መንገዱ ይደርቃል። ምልክቱ ስትራይክ (ፒኖቹን ሁሉ በአንድ ውርወራ መጣል) መጥፋቱ ብቻ አይደለም፣ ከዚያ ቀድሞ 10ኛው ፒን (በኋለኛው ረድፍ ቀኝ ዳር ያለው) ይናገራል። ከእሱ ፊት ያለው 6ኛው ፒን በ10ኛው አንገት ዙሪያ በኃይል ዞሮ ካለፈ ኳሱ ገና ኃይል አለው፣ ያጣው ጥቂት ማዕዘን ነው፤ ቆሞ የሚወረወርበትን ቦታ ግማሽ ወይም አንድ ጣውላ መለወጥ ሊበቃ ይችላል። 6ኛው ፒን ዝም ብሎ ቦዩ ውስጥ ከተኛና 10ኛው ከቆመ ግን ኳሱ ቀድሞ ተንከባሎ ኃይሉን መንገድ ላይ ጨርሷል። ያኔ እግር 2 ጣውላ፣ ዓይን 1 ጣውላ ወደ ግራ ይሄዳል (ለቀኝ እጅ)። ኳሱ ፊተኛውን ፒን በቀጥታ መምታት ከጀመረም ያው ነው፤ እርምጃው ግን 3 በ2 ወይም 4 በ2 (እግር በዓይን) ሊሆን ይችላል። ኳሱ ወደ ፖኬቱ ሳይደርስ ቀርቶ 2-8-10 ወይም 2-10 (የፒኖቹ ቁጥር) ከተረፈ እንቅስቃሴው ወደ ቀኝ ነው።

ለፖኬት የሚመከረው መግቢያ 17.5ኛው ጣውላ ላይ በ6 ዲግሪ ነው። ይህን በዓይን መለካት አይቻልም፤ የፒኖቹ አወዳደቅ ግን ይመሰክራል። ኳሱ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ 5ኛውንና 9ኛውን ሲጥል ማዕዘኑ ጥሩ ነው። ሁሉም ወድቆ 9ኛው ብቻውን ከቆመ ማዕዘኑ በጣም በዝቷል።

ግራ እጅ ተጫዋቾች በአብዛኛው ቁጥራቸው ስለሚያንስ የእነሱ ጎን ዘይት ረዘም ላለ ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። ስለዚህ ከቀኝ ጎን ተጫዋች ንባብ መዋስ አያዋጣቸውም።

በወራት ውስጥ ምን ተበላሸ

በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ጨዋታዎች ምንም አልታየም። ከዚያ ቀለበቶቹ የሚያርፉበት ስፍራ (ዱካው) ማብረቅ ጀመረ። ኳሱ በወለሉ ላይ ራሱን ይወለውላል፤ በ2000 የተፈተገው ቆዳ በዱካው ላይ እንደ 4000 ይሆናል፣ ሌላው ጎኑ ግን ሻካራ እንደሆነ ይቀራል። ውጤቱ፦ መታጠፉ ወደ ኋላ ይዘገያል፣ ሦስቱ የፈተና ውርወራዎች እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ይህን ያላስተዋለ ሰው «ዛሬ ዘይቱ ረጅምና ወፍራም ነው» ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ዘይቱ ግን የትናንቱ ነው። በጥፍር ዱካውንና ጎኑን አንድ በአንድ መቧጨር ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። ለኔ ይህ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ የታመነ ፍተሻ ሆኗል።

ከ60 ጨዋታ ገደማ በኋላ ሁለተኛው ችግር መጣ፦ ቆዳው ዘይት ጠግቦ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ላብ የመሰለ ነገር ማውጣት ጀመረ። ቢፈተግ እንኳ ለሁለት ጨዋታ ብቻ ይነቃና ይተኛል። እዚህ ላይ ማሻከር መፍትሔ አይደለም፤ መጀመሪያ ዘይቱ መውጣት አለበት።

የጣት መያዣ ጎማዎቹ በ5ኛው ወር ላልተው ተቀይረዋል። ሲላሉ ጣት ሳይታሰብ ቀድሞ ይወጣል፣ ሽክርክሪት ይቀንሳል፣ ኳሱም ያለ ምክንያት ይንሸራተታል። ይህም እንደ ዘይት ለውጥ ይነበባል።

አያያዙ

ከጨዋታ በኋላ ወዲያው፣ ኳሱ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ለሪአክቲቭ በተሠራ ማጽጃና በማይክሮፋይበር ፎጣ ይጠረጋል። አሴቶን በፍጹም፤ ሽፋኑን ያለሰልሳል። በውድድር መካከል ደግሞ ፈሳሽ ማጽጃ አይነካም፦ በዩኤስቢሲ ደንብ ከ2019 ነሐሴ ወር (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚፈቀደው ደረቅ ፎጣ ብቻ ነው፣ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላም ቆዳውን ማሻከር ወይም መወልወል ክልክል ነው።

በየ50 ወይም 60 ጨዋታው ዘይቱን ማውጣት። ቀዳዳዎቹ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ይታሸጋሉ። ባልዲ ውስጥ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ የማይበልጥ ሙቅ ውሃና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨመራል፤ ኳሱ 20 ደቂቃ ይቀመጣል። ውሃው ላይ የዘይት ገጽ ከታየ ውሃ ለውጦ መድገም። ከዚያ በላይ የሞቀ ውሃ ሽፋኑንና ኮሩን የሚያያይዘውን ያስጨንቃል፣ ስንጥቅም ያስከትላል። መኪና ውስጥ በፀሐይ መተውም ያው ነው። ከወጣ በኋላ ፕላስተሩ ተነሥቶ፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ዞረው፣ አንድ ሙሉ ቀን ይደርቃል።

ከዚያ ማሻከር። መፈተጊያው አብራሎን የሚባል ንጣፍ ነው፣ ርጥብ ሆኖ ይሠራል። ኳሱ በሐሳብ ስድስት ፊት ይከፈላል። በማሽከርከሪያ ማሽን ከሆነ ለእያንዳንዱ ፊት 30 ሰከንድ በ500፣ ቀጥሎ በ1000፣ መጨረሻ በ2000፤ ደረጃ መዝለል የለም፣ ምክንያቱም የ500ውን ጥልቅ ጭረት 2000 ብቻውን አያጠፋውም። በእጅ ከሆነ ጊዜው በሦስት እጥፍ ይረዝማል። ብዙ ጊዜ ግን ሙሉ ሥራ አያስፈልግም፤ በየ10 ወይም 15 ጨዋታው 2000ውን ብቻ ዱካው ላይ ሳይሆን በኳሱ ሙሉ ገጽ ላይ ማሳለፍ ይበቃል። ዱካውን ብቻ ማሻከር ደንብም አይፈቅድም።

የማይነገር ነገር አለ፦ ያረጀ መፈተጊያ ይዋሻል። ብዙ ጊዜ ያገለገለ 2000 እንደ 4000 ይሠራል። በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር እየጻፉ ከስድስት እስከ ስምንት አገልግሎት በኋላ መጣል ነው፣ አለበለዚያ ኳሱ በአዲስ ቆዳ ሌላ ኳስ ሆኖ ይመለሳል።

የማይሆንባቸው ቦታዎች

በጣም በተቃጠለ ሌን ላይ፣ በተለይ በአራተኛው ጨዋታ፣ ይህ ኳስ ከ30 ጫማ በፊት ይነቃና ሰነፍ ሆኖ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ መለኪያነቱ ስላበቃ ወደ ቦርሳው ይመለስና ደከም ያለ ኮር ያለው የተወለወለ ኳስ ይውጣ። እጅግ ረጅምና ወፍራም ዘይት ላይም በቂ ጉልበት የለውም፤ የሚነግረው ነገር ግን እውነት ነው፦ «ከእኔ የሻከረ ያስፈልጋል» ነው የሚለው። ለስፔር (የተረፉትን ፒኖች በሁለተኛው ውርወራ ለመጣል) አይመከርም። 10ኛውን ፒን ለማንሳት ኳስ ባይታጠፍ ይሻላል፣ ፕላስቲክ ኳስ ለዚያ ተፈጥሯል።

ኳሱን ከ12 ማይል በሰዓት በታች በሆነ ፍጥነት የሚለቅ ሰው ቀድሞ የመታጠፍ ችግሩን አብዝቶ ያየዋል፤ ለእሱ ያው ኳስ በ3000 ወይም በ4000 ቢቆም ይሻላል። ቁጥሩ የትኛውም ይሁን፣ አንዴ ከተመረጠ በኋላ አይለወጥ፤ ንባቡ ሁሉ ከእሱ ስለሚነሣ።