የአክሲዮን የቀድሞ ዋጋ ሲፈለግ፦ የትኛው ቁጥር፣ ከየትኛው ምንጭ?

አንድ ሰው የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ከዓመታት በፊት በአንድ በታወቀ ቀን ስንት ይሸጥ እንደነበር ሲጠይቅ አንድ መልስ ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያየ ቁጥር ነው፤ ነገሩን የሚያወሳስበውም ሦስቱም ትክክል መሆናቸው ነው። የአፕል አክሲዮን ኦገስት 28 ቀን 2020 ገበያው ሲዘጋ 499.23 ዶላር ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ምንጮች ለዚያው ቀን 124.81 ዶላር ብለው ያሳያሉ፤ ከዚህም ዝቅ ያለ ቁጥር የሚያስቀምጡ አሉ። ስለዚህ የዋጋ መረጃ ለመግዛትም ሆነ በነጻ ለመውሰድ የሚያስብ ሰው «የትኛው ምንጭ ይሻላል?» ከማለቱ በፊት «ቁጥሩ የሚያስፈልገኝ ለምንድን ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ቁጥር ጥሬው ዋጋ ነው፤ ገዢና ሻጭ በዚያ ቀን በእውነት የተገበያዩበት ገንዘብ ማለት ነው። ሁለተኛው በስፕሊት የተስተካከለው ዋጋ ነው። ስፕሊት የሚባለው ኩባንያው እያንዳንዱን አክሲዮን በብዙ ከፍሎ የአክሲዮኖቹን ብዛት ሲጨምርና የእያንዳንዱን ዋጋ በዚያው መጠን ሲያሳንስ ነው፤ ባለአክሲዮኑ በዚህ አያተርፍም፣ አይከስርምም። አፕል ኦገስት 31 ቀን 2020 አንዱን አክሲዮን በአራት ሲከፍል የዕለቱ መዝጊያ ዋጋ 129.04 ዶላር ሆነ። በጥሬው ዋጋ ብቻ የሚያሰላ ሰው አክሲዮኑ በአንድ የግብይት ቀን 74 በመቶ ወደቀ ብሎ ይደነግጣል፤ እውነቱ ግን ከ3 በመቶ በላይ ማደጉ ነው። ይህ ስሕተት እንዳይፈጠር የቀደሙት ዋጋዎች ሁሉ ለአራት ይካፈላሉ፤ 124.81 የተባለውም ከዚህ የመጣ ነው። አፕል በ1980 ለሕዝብ ሲቀርብ አንዱ አክሲዮን 22 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ በሁለት፣ አንድ ጊዜ በሰባት፣ አንድ ጊዜ በአራት ስለተከፈለ የዚያን ጊዜው አንድ አክሲዮን ዛሬ 224 ሆኗል፤ የተስተካከለው የመነሻ ዋጋም ወደ 10 ሳንቲም ይወርዳል። በ10 ሳንቲም የገዛ ሰው ግን በዓለም ላይ አልነበረም።

የተገላቢጦሹም አለ። ሲቲግሩፕ በሜይ 2011 አሥሩን አክሲዮን ወደ አንድ ጠቅልሏል። ከዚህ የተነሣ በ2007 መጀመሪያ ላይ ወደ 55 ዶላር ይሸጥ የነበረው አክሲዮን በዛሬው ሠንጠረዥ 550 ገደማ ሆኖ ይታያል። ይህን ሳያውቅ ሠንጠረዡን የሚመለከት ሰው ማንም ያልከፈለውን ዋጋ እንደ ታሪክ ይቀበላል።

ሦስተኛው ቁጥር ከስፕሊቱ በተጨማሪ በትርፍ ድርሻ የተስተካከለው ነው፤ በብዛት የሚሳሳቱበትም ይኸው ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። አንድ አክሲዮን 50 ዶላር ሲሸጥ ቆይቶ ኩባንያው ለአንድ አክሲዮን 2 ዶላር የትርፍ ድርሻ ቢከፍል፣ ሌላ ምክንያት ካልጨመረበት ወይም ካልቀነሰው በቀር፣ ድርሻው ለአዲስ ገዢ በማይደርስበት የመጀመሪያ ቀን ዋጋው ወደ 48 ይወርዳል። ባለአክሲዮኑ 2 ዶላሩን በእጁ ስለያዘ አልጎደለበትም። ስለዚህ አስተካካዩ 2ን ለ50 አካፍሎ ከ1 ይቀንሳል፤ በሚያገኘው 0.96ም ከዚያ ቀን በፊት ያሉትን ዋጋዎች በሙሉ ያባዛል። ማይክሮሶፍት በ2004 መጨረሻ ዋጋው ወደ 30 ዶላር በነበረበት ጊዜ ለአንድ አክሲዮን 3 ዶላር ልዩ የትርፍ ድርሻ ከፍሏል፤ የአንድ ቀን ክፍያ ብቻውን ያለፈውን ታሪክ በሙሉ በአሥር በመቶ ገደማ ዝቅ አደረገው። ከዚህም የሚከተል አንድ ነገር አለ። ኩባንያው ድርሻ በከፈለ ቁጥር የኋላው ዋጋ እንደገና ስለሚሰላ፣ አምና የወረደ ፋይልና ዘንድሮ የወረደ ፋይል ለአንድ ቀን የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ስለዚህ ፋይሉ የወረደበትን ቀን ከፋይሉ ጋር መጻፍ የግድ ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ የትኛው ለምን ይሆናል? «በዚያ ዓመት ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል አተርፍ ነበር?» ለሚል ጥያቄ የሚበጀው በትርፍ ድርሻም የተስተካከለው ነው፤ የተከፈለው ድርሻ ወዲያው አክሲዮን ተገዝቶበት ቢሆን የሚገኘውን ውጤት በቅርበት ያሳያልና። ከፍ ያለ ድርሻ የሚከፍልን የመብራት ኃይል ኩባንያና ምንም ድርሻ የማይከፍልን የቴክኖሎጂ ኩባንያ በመዝጊያ ዋጋ ብቻ ማወዳደር ከፋዩን መበደል ነው። የአንድ ገበያን የብዙ አክሲዮኖች ጠቅላላ እንቅስቃሴ በአንድ ቁጥር በሚያሳዩት የአገሮች ጠቋሚዎች መካከልም ይኸው ጉድለት ይታያል፤ በዜና የሚጠቀሰው የጀርመኑ ዳክስ የትርፍ ድርሻን ጨምሮ ሲሰላ የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ግን ዋጋን ብቻ ይከተላል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማበላለጥ ተገቢ አይደለም።

ለግብር እና ለውርስ ግን የተስተካከለ ዋጋ ፈጽሞ አይሆንም። ግብር የሚሰላው በእውነት ከተከፈለው ገንዘብ ተነሥቶ ነው፤ ይህም የሚገኘው አክሲዮኑን ከገዛው ብሮከር ደረሰኝ እንጂ ከዕለቱ የመዝጊያ ዋጋ አይደለም። ደረሰኙ ከጠፋ የዕለቱ ጥሬ ዋጋ ይፈለጋል፤ ስፕሊቱም ዋጋውን ሳይሆን የአክሲዮኖቹን ብዛት በማባዛት ይታሰባል። በአሜሪካ የግብር ደንብ ደግሞ በውርስ የተላለፈ አክሲዮን የሚገመተው፣ በአጠቃላይ፣ ባለቤቱ ባረፈበት ቀን በነበረው ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ አማካይ ነው። ስለዚህ መዝጊያውን ብቻ የሚሰጥ ምንጭ ለወራሽ አይበቃውም።

የግብይት ስልትን በቀድሞ ዋጋ ለሚፈትን ሰው ነገሩ ከሁሉም ይረቅቃል። «ከ10 ዶላር በታች የሚሸጥ አክሲዮን ግዛ» የሚል ሕግ በተስተካከለ ዋጋ ቢፈተን በ2010 መጀመሪያ ላይ አፕልን ይመርጣል፤ የተስተካከለው ዋጋ በዚያን ጊዜ ከ8 ዶላር በታች ነውና። ገበያው ላይ ግን አንዱ አክሲዮን ከ200 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ፈተናው ወደፊት የሚመጡትን ስፕሊቶች አስቀድሞ ስላወቀ ውጤቱ ያማረ መስሎ ይታያል። ጥሬውን ዋጋና የማስተካከያ ቁጥሩን ለየብቻ የሚሰጥ ምንጭ ለዚህ ሥራ ቅንጦት አይደለም።

ወደ ምንጮቹ ስንመጣ፣ የኩባንያው የባለሀብቶች ገጽ ከሁሉ ቀድሞ ሊታይ ይገባዋል። በዋጋ ሠንጠረዡ ምክንያት አይደለም፤ ሠንጠረዡ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አቅራቢ የሚመጣ ነው። ጥቅሙ የስፕሊትና የትርፍ ድርሻ ቀኖችን ከራሱ ከባለቤቱ ማግኘት መቻሉ ነው። ኩባንያው ከአካሉ ሌላ ኩባንያ ከፍሎ በሚያወጣበት ጊዜ ደግሞ ይህ ገጽ አቻ የለውም። ኢቤይ በጁላይ 2015 ፔይፓልን ሲለይ ከ60 ዶላር በላይ የነበረው አክሲዮን ወደ 28 ዶላር አካባቢ ወረደ፤ ባለአክሲዮኑ ግን ለእያንዳንዱ የኢቤይ አክሲዮን አንድ የፔይፓል አክሲዮን ተቀብሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የአሜሪካ ኩባንያዎች ቀድሞ የተገዛበት ዋጋ ለሁለቱ እንዴት እንደሚከፋፈል በቅጽ 8937 ያሳውቃሉ።

ያሁ ፋይናንስ ለአብዛኛው ሰው የሚበቃ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን «መዝጊያ» ብሎ የሚያስቀምጠው ዓምድ ጥሬ ሳይሆን በስፕሊት የተስተካከለ መሆኑ ነው፤ «የተስተካከለ መዝጊያ» የሚለው ደግሞ የትርፍ ድርሻንም ያካትታል። ጥሬው ዋጋ በዚያ ገጽ የለም። ፋይሉን ማውረድም ከ2024 ወዲህ ክፍያ ይጠይቃል። በጎግል ሺትስ ያለው የፋይናንስ ቀመር ነጻና ምቹ ነው፤ ሆኖም ስፕሊትን እንጂ የትርፍ ድርሻን ስለማያስተካክል እውነተኛ ትርፍ ለማስላት የትርፍ ድርሻውን በእጅ መጨመር ያስፈልጋል። ሁለቱን ምንጮች በአንድ ሠንጠረዥ ቀላቅሎ መጠቀምን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ክፍያ ከሚጠይቁት ምንጮች መካከል የብሉምበርግ ተርሚናል ሦስቱንም ዓይነት ዋጋ በተጠቃሚው ምርጫ ያሳያል፤ ነገር ግን ለአንድ ተጠቃሚ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ስለሚያስከፍል ለግል ባለሀብት አይመከርም። በ1960 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የአክሲዮን ዋጋ ጥናት ማዕከል (CRSP) መረጃ ደግሞ እስከ 1926 ይዘልቃል፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ስለሚገኝ ተማሪ ወይም ተመራማሪ የሆነ ሰው ሌላ ከመግዛቱ በፊት ቤተ መጻሕፍቱን ይጠይቅ። ትልቁ ብልጫው ከገበያ የወጡ ኩባንያዎችን ማካተቱ ነው። ኤንሮን በ2000 ወደ 90 ዶላር ይሸጥ ነበር፣ በዲሴምበር 2001 ከሰረ፤ ሌማን ብራዘርስም በሴፕቴምበር 2008 ተከተለ። በነጻ ምንጮች እንዲህ ያሉት ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ አይገኙም፤ የተረፉትን ብቻ አይቶ ያለፈውን ገበያ የሚመዝን ሰውም ገበያው ከነበረው የተሻለ መስሎ ይታየዋል።

አክሲዮኑ በገበያ የሚጠራበት አጭር የፊደል መለያ ምልክትም እንዲሁ ያሳስታል። ጄነራል ሞተርስ በ2009 ከከሰረ በኋላ በ2010 መጨረሻ ለሕዝብ የቀረበው አዲስ ኩባንያ ነው፤ የቀድሞው ባለአክሲዮን ገንዘብ ወደ አዲሱ አልተሻገረም፣ ምልክቱ ግን ያው ነው። የለንደን አክሲዮኖች ዋጋ ደግሞ በብዛት የሚጻፈው በፓውንድ ሳይሆን በፔንስ ስለሆነ፣ ይህን የዘነጋ ሰው በመቶ እጥፍ ይሳሳታል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አቅራቢውን ለመፈተን አንድ ቀን ይበቃል። ለኦገስት 28 ቀን 2020 የአፕልን መዝጊያ ይጠይቁ። 499.23 ካለ ጥሬውን ሰጥቶዎታል፤ 124.81 ካለ ስፕሊቱን አስተካክሏል፤ ከዚያ ዝቅ ካለ የትርፍ ድርሻንም ቀንሷል። ኩባንያው ወደፊት ሌላ ስፕሊት ካደረገ ሁለቱ የተስተካከሉት ቁጥሮች ይለወጣሉ፤ 499.23 ግን ባለበት ይቆያል።