የኤሌክትሪክ መስመር ለሌለው ቤት ሶላር፦ የትኛው ባትሪ፣ የትኛው ኢንቨርተር፣ ስንት ቮልት?

ለቤቱ ሶላር ሊገዛ የወጣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ፓኔል ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ፓኔል ግን ከዕቃዎቹ ሁሉ ዕድሜው ረጅም፣ ብልሽቱ ጥቂት ነው፤ ቢያንስም በኋላ ይጨመርበታል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱን የሚያጨልመው ባትሪው ነው፤ ገንዘቡን የሚበላውም እሱ ነው። በሶላር ብቻ መኖር ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ አዎ ነው፦ መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር፣ ፍሪጅና ትንሽ የውሃ ፓምፕ ያለ ችግር ይሠራሉ። የኤሌክትሪክ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ሲገቡበት ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

ከንጽጽሩ በፊት፦ የቀኑ ፍጆታ

የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት ያባዙ። ለምሳሌ ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 270 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለ5 ሰዓት 300፣ ባለ 60 ዋት ላፕቶፕ ለ4 ሰዓት 240፣ አራት ስልኮች 60 ይወስዳሉ። የዋይፋይ ራውተር 10 ዋት ብቻ ቢሆንም ሌት ተቀን ስለማይጠፋ 240 ይደርሳል። መካከለኛ ፍሪጅ 1,000 ገደማ ይፈልጋል። ድምሩ 2,110 ዋት-ሰዓት ነው። የፍሪጁን ቁጥር ግን ከላዩ ከተለጠፈው ዋት ማስላት አይቻልም፤ ኮምፕረሰሩ እየተነሣ እየጠፋ ስለሚሠራ፣ ሶኬት ላይ በሚሰካ መለኪያ ሙሉ 24 ሰዓት መለካት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ቀጥተኛ ጅረት፣ ዲሲ፣ የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት ተለዋዋጭ ጅረት፣ ኤሲ፣ የሚቀይረው ሣጥን) ራሱ የሚበላውን ነው። ምንም ዕቃ ሳይሰካበት 30 ዋት የሚስብ ኢንቨርተር በቀን 720 ዋት-ሰዓት ይጨርሳል። ትልቁ ባለ 5,000 ዋት ደግሞ 50 ዋት ቢስብ 1,200 ይደርሳል፤ ከፍሪጁ ይበልጣል ማለት ነው። «ለሁሉም ይሁን» ተብሎ ትልቅ ኢንቨርተር መግዛት በየሌሊቱ የሚያስከፍል ስሕተት ነው። በምሳሌው ቤት ላይ 10 በመቶ ያህል የመቀየር ብክነትና ይህን 720 ስንጨምር፣ ከባትሪው የሚወጣው በቀን 3,000 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ባለ 2,000 ዋት ምድጃ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ ብቻውን ይህንኑ 3,000 ይጨርሳል። ስለዚህ ለማብሰያ ጋዝ፣ ለገላ መታጠቢያ ደግሞ ውሃውን በቀጥታ በፀሐይ የሚያሞቀውን ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ማሞቂያ መያዝ፣ የባትሪውን ወጪ በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል።

ፓኔሉ የሚሰላው ፀሐይ በደከመችበት ወር ነው። በዚያ ወር በቀን የ4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ቢገኝ፣ ሙቀት፣ አቧራና የገመድ ብክነት ተቀንሶ ከአንድ ዋት ፓኔል 3 ዋት-ሰዓት ይጠበቃል። ለ3,000 ዋት-ሰዓት ቢያንስ 1,000 ዋት ፓኔል ያስፈልጋል ማለት ነው። በበጋው ፀሐይ ያሰላ ሰው ክረምት ሲገባ ባትሪው በየቀኑ ጎዶሎ ያድራል።

ሊትየም ወይስ አሲድ?

| | የታሸገ አሲድ (ኤጂኤም፣ ጄል) | ሊትየም አይረን ፎስፌት |
|---|---|---|
| ሳይጎዳ የሚወጣው | 50 በመቶ | 80–90 በመቶ |
| የሙሌት ዙር (ስንት ጊዜ ሞልቶ እንደሚወጣ) | 500–800 | 3,000–6,000 |
| ከገባው የሚመለሰው | 80–85 በመቶ | 95 በመቶ ገደማ |
| ለምሳሌው ቤት | 24 ቮልት፣ 250 አምፒር-ሰዓት | 25.6 ቮልት፣ 150 አምፒር-ሰዓት |
| ከ0 ዲግሪ በታች መሙላት | ይቻላል | አይቻልም |

ዋጋ ሲያወዳድሩ የመለያውን ቁጥር ለብቻው አይመልከቱ። ባትሪው በዕድሜው የሚሰጠውን ጠቅላላ ኃይል ያስሉ፦ አቅሙ ሲባዛ በሚወጣው ድርሻ፣ ሲባዛ በዙሩ። የአሲዱ 6,000 ዋት-ሰዓት በ0.5፣ በ600 ዙር 1,800 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል። የሊትየሙ 3,840 በ0.8፣ በ3,500 ዙር ደግሞ ከ10,700 ያልፋል። ሊትየሙ ሦስት እጥፍ ቢሸጥ እንኳ በእያንዳንዱ ኪሎዋት-ሰዓት የሚከፈለው ከአሲዱ ያነሰ ነው።

ከዙሩ ቁጥር በላይ ግን ለእኛ ክብደት ያለው ሌላ ነገር ነው። አሲድ ባትሪ የመጨረሻውን 20 በመቶ የሚቀበለው በጣም በዝግታ፣ ብዙ ሰዓት ወስዶ ነው። ፓኔሉ 80 በመቶ አድርሶት ፀሐይ ትጠልቃለች። በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ሙሉ ሳይሞላ በሰነበተ ቁጥር ሰሌዳዎቹ ላይ የሰልፌት ክሪስታል ይጠጥራል፤ አቅሙም አይመለስም። በክረምት ብዙ አሲድ ባትሪ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ሊትየም ግማሽ ሞልቶ ቢሰነብት አይከፋውም፤ ለሶላር የሚስማማው በዋነኛነት ለዚህ ነው።

ሙቀትም አለ። አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ሊትየምም ቢሆን ሙቀት አይወድም። ሁለቱንም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ኮርኒስ ላይ አያስቀምጡ።

አሲድ የሚመረጥበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። ብርዱ ባትሪው ያለበትን ክፍል ከዜሮ በታች የሚያወርደው ከሆነ ወይም በእጅ ያለው ገንዘብ ለሊትየም ፈጽሞ የማይበቃ ከሆነ፣ ውሃ የሚጨመርበት ቱቡላር የሚባለው ዓይነት ከታሸጉት ይሻላል፤ ወፍራም ሰሌዳ ስላለው በ50 በመቶ አጠቃቀም ከ1,000 ዙር በላይ ይሄዳል። በየወሩ ደረጃው ታይቶ የተጣራ ውሃ ብቻ የሚጨምርለት ሰው ግን ያስፈልገዋል። ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው፣ ከመኝታ ክፍል የተለየ ቦታ ይሁንለት። የመኪና ባትሪን በዚህ ቦታ አይተኩ፦ ሰሌዳው ስስ ነው፤ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጅረት እንዲሰጥ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እንዲደክም አልተሠራም፤ በወራት ውስጥ ያልቃል። አሮጌና አዲስ አሲድ ባትሪ በአንድ መስመር መቀላቀልም አዲሱን በአሮጌው ልክ ማውረድ ነው።

ሊትየም ሲገዙ ከአምፒር-ሰዓቱ ቀጥሎ የሚጠየቀው በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ቢኤምኤሱ፣ ስንት አምፒር እንደሚያሳልፍ ነው። ባለ 25.6 ቮልት ባትሪ ቢኤምኤሱ 100 አምፒር ከሆነ 2,560 ዋት ነው ጣሪያው። በዚህ ላይ ባለ 3,000 ዋት ኢንቨርተር ቢታሰር፣ ጭነቱ ሲበዛ ባትሪው በቅጽበት ይዘጋል፤ ቤቱም ያለ ማስጠንቀቂያ ይጨልማል። ሁለተኛው ችግር የቅንብር ነው። ብዙ ኢንቨርተሮች ከፋብሪካ የሚወጡት ለአሲድ ተቀናብረው ነው። ለባለ 16 ሴል (51.2 ቮልት) የመሙያውን ቮልቴጅ ከ56 እስከ 57.6፣ ለባለ 8 ሴል ከ28 እስከ 28.8 ያድርጉ፤ «ኢኳላይዜሽን» የሚለውን (አሲድ ባትሪን በየጊዜው ከፍ ባለ ቮልቴጅ የሚሞላውን ቅንብር) ያጥፉት። በባትሪው ውስጥ ስንት ኃይል እንደቀረ ደግሞ በቮልት መገመት አይቻልም፤ የሊትየም ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ነው የሚወድቀው። የገባና የወጣውን ጅረት የሚቆጥር፣ ሻንት የሚባል በባትሪው መስመር ላይ የሚገባ ክፍል ያለው መለኪያ ያስፈልጋል።

12፣ 24 ወይስ 48 ቮልት?

3,000 ዋት በ12 ቮልት 250 አምፒር ነው፤ በ24 ቮልት 125፣ በ48 ቮልት 62.5 ብቻ። አምፒር በበዛ ቁጥር ገመዱ ይወፍራል፣ መጋጠሚያው ይግላል፣ ፊውዙ ይወደዳል። የርቀት ብክነቱን እንይ፦ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ 10 ሜትር ርቀት (ደርሶ መልስ 20 ሜትር) 10 አምፒር ቢያሳልፍ 0.58 ቮልት ይጠፋል። በ12 ቮልት ይህ 5 በመቶ ገደማ ነው። ያው 120 ዋት በ48 ቮልት ቢሄድ ግን ጅረቱ 2.5 አምፒር ስለሚሆን ብክነቱ 0.3 በመቶ አካባቢ ይወርዳል።

ለአምፖልና ለስልክ፣ እስከ 500 ዋት ድረስ፣ 12 ቮልት በቂ ነው። እስከ 2,000 ዋት 24 ቮልት ይበቃል፤ የምሳሌው ቤት እዚህ ይገባል። ከዚያ በላይ ለሚሻ ወይም በኋላ ሊያሰፋ ለሚያስብ 48 ቮልት ይመረጣል፤ የስርዓቱን ቮልት ኋላ መለወጥ ባትሪውንም ኢንቨርተሩንም መለወጥ ነውና።

የመሙያ ተቆጣጣሪ፦ ፒደብሊውኤም ወይስ ኤምፒፒቲ?

ተቆጣጣሪው በፓኔሉና በባትሪው መካከል ሆኖ ሙሌቱን የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው፤ ዓይነቱም ሁለት ነው። ፒደብሊውኤም ርካሽ ነው፤ ፓኔሉን ግን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ይጎትተዋል። በ31 ቮልት 13 አምፒር የሚሰጥ ባለ 400 ዋት ፓኔል፣ 13 ቮልት ላይ ካለ ባትሪ ጋር በፒደብሊውኤም ቢገናኝ የሚገባው 169 ዋት ብቻ ነው። ከግማሹ በላይ የተከፈለበት ፓኔል ጣሪያ ላይ ለጌጥ ቀረ ማለት ነው። ፒደብሊውኤም የሚያዋጣው በተለይ ለ12 ቮልት በተሠራ ባለ 36 ሴል ትንሽ ፓኔል ብቻ ነው። ለቀረው ሁሉ፣ የፓኔሉን ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ቀይሮ ኃይሉን የሚያድነው ኤምፒፒቲ።

ኤምፒፒቲን የሚያቃጥለው ደግሞ የመግቢያ ቮልቴጅ ነው። ጭነት ሳይኖር 49 ቮልት የሚሰጡ ሦስት ፓኔሎች በተከታታይ ቢታሰሩ 147 ቮልት ይሆናሉ፤ ጣሪያው 150 ለሆነ ተቆጣጣሪ የሚስማሙ ይመስላሉ። ይህ ቁጥር ግን የ25 ዲግሪ ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ በየዲግሪው 0.28 በመቶ ገደማ ቮልቴጁ ስለሚጨምር፣ 5 ዲግሪ በሆነ ማለዳ 155 ይደርሳል፤ ተቆጣጣሪው ያኔ ሊቃጠል ይችላል። ሁለት ሁለቱን አስሮ ጎን ለጎን ማገናኘት ወይም ባለ 250 ቮልት መግዛት ይሻላል።

ኢንቨርተር፦ አንድ ላይ የተዋሃደ ወይስ ለየብቻ?

ንጹሕ ሳይን ሞገድ (እንደ መስመር ኤሌክትሪክ ለስላሳ የሆነ ኤሲ) የማያወጣ ኢንቨርተር አይግዙ፤ የፍሪጅና የፓምፕ ሞተር በእሱ ይግላል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምርጫ ተቆጣጣሪው፣ ኢንቨርተሩና የጀነሬተር መሙያው በአንድ ሣጥን የተሰበሰቡበትን መግዛት ወይም ለየብቻ መግዛት ነው። የተዋሃደው ይረክሳል፣ ገመዱ ያንሳል፣ በግማሽ ቀን ይገጠማል። ነገር ግን ቦርዱ ሲቃጠል ሁሉም አብሮ ይቆማል፦ ባትሪውም አይሞላም። የተናጠሉ ኢንቨርተር ቢበላሽ ግን ባትሪው መሙላቱን ይቀጥላል፤ በቀጥታ ከባትሪው የሚሠሩ የዲሲ አምፖሎችም ይበራሉ። መለዋወጫ ቶሎ በማይገኝበት ቦታ ለሚኖር ቤተሰብ እኛ የተናጠሉን እንመርጣለን።

ፍሪጅና ፓምፕ ሲነሡ ለአፍታ ከመደበኛው ከ3 እስከ 6 እጥፍ ይስባሉ። ትራንስፎርመር ያለው ከባዱ ኢንቨርተር ይህን ለሰከንዶች ይሸከማል፤ ቀላሉ ከሰከንድ ክፍልፋይ በላይ አይችልም። ኮምፕረሰሩ ፍጥነቱን እያስተካከለ የሚነሣ ፍሪጅ ከተገዛ ግን ቀላሉም ይበቃል።

ፊውዝ፣ ብሬከርና የማገናኛ ቅደም ተከተል

በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ የግድ ነው፤ ሊትየም ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በስሕተት ሲነካካ (ሾርት ሲያደርግ) በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቅቃል፣ ለ48 ቮልት እንዲህ ያለውን ብዙ ጅረት መቁረጥ የሚችለው ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ ይመረጣል። በፓኔል መስመር ላይ የኤሲ ብሬከር አይግጠሙ። የኤሲ ጅረት በየሰከንዱ ደጋግሞ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ይጠፋል፤ የዲሲው ግን ሳይቋረጥ ይነዳል፣ ብሬከሩን ያቀልጠዋል። ሲያገናኙ መጀመሪያ ባትሪውን ከተቆጣጣሪው ጋር፣ ከዚያ ፓኔሉን፤ ሲፈቱ በተቃራኒው።

ከመክፈል በፊት

የአሲድ ባትሪን ይመዝኑ፦ እውነተኛ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት 28 ኪሎ አካባቢ ነው፤ 18 ኪሎ ከመዘነ ጽሑፉ ሐሰት ነው። ለሊትየም ሚዛን አይበቃም፣ መፈተን ነው። ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ሙሉ ሞልቶ 100 ዋት የሚስብ የዲሲ ጭነት ቢታሰርበት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይቆያል። በ7 ሰዓት ከጠፋ፣ ሻጩ መልሶ እንደሚወስደው ደረሰኙ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።