የዋልነት ሰደፍ ላላቸው ዒላማ ተኳሾች፦ ምስጋናና ጥቆማ

በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ አንድ አንጋፋ የጠመንጃ ባለሙያ ምስጋናችንን በአደባባይ እናቀርባለን። የሰጠናቸው ሬሚንግተን 700 የተባለ ጠመንጃ ነው፤ ካሊበሩ .308፣ በርሜሉ ወፍራም፣ ሰደፉ የዋልነት እንጨት። ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይልቅ ዛሬ ይሻላል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። እዚህ የምንጽፈው ስለ ሥራቸው ነው፤ ሌላ ባለሙያ ጋ ብትሄዱም ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ብዙ ሰው «አሳምሩልኝ» ብሎ ነው የሚሄደው። እሳቸው ግን ብረቱ እንጨቱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ሳያዩ ቀለም አይነኩም። ብረቱን ከሰደፉ ጋር ከሚያስሩት ብሎኖች የኋላውን እንደጠበቀ ይተዉና የፊቱን ሲያላሉ በርሜሉ ከሰደፉ የፊት ጫፍ ምን ያህል እንደሚነሳ በባለመርፌ መለኪያ ያያሉ። ከ0.002 ኢንች፣ ማለትም ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር ሪሲቨሩ (በርሜሉ የሚታሰርበትና ቦልቱ፣ ማለትም መቀርቀሪያው፣ የሚመላለስበት ዋና ብረት) እየታጠፈ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ይቀመጣል፤ ጥይቱም አንድ ቦታ አይሰበሰብም። የሌንስ ጥፋት ነው ተብሎ ስንት ሌንስ በከንቱ ተቀይሯል!

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ብሎኖቹ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ይሰፉና የአሉሚኒየም ቱቦ ይገባባቸዋል። እንጨት ብቻውን ሲሆን ብሎን በጠበቀበት ይጨፈለቃል፣ አየሩ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ብሎኑም ይላላል። ብሎኑ የቱቦውን ግድግዳ መንካት የለበትም፤ ከነካ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመታውን ምት እሱ መሸከም ይጀምራል። ምቱን መሸከም ያለበት ሪኮይል ሉጉ፣ በበርሜሉና በሪሲቨሩ መካከል የተጣበቀው ጠፍጣፋ ብረት ነው።

ቀጥሎ ብረቱ በሚቀመጥበት የሰደፉ ጉድጓድ ውስጥ ብረት የተቀላቀለበት ኢፖክሲ፣ ማለትም ደርቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ፣ ይፈሳል። ልፋቱ ያለው ከመፍሰሱ በፊት ነው። የሪኮይል ሉጉ ፊት፣ ጎንና ታች በቴፕ ይሸፈናል፤ ኋላው ግን ባዶ ይተዋል፣ ምክንያቱም ከኢፖክሲው ጋር ገጥሞ መቀመጥ ያለበት እሱ ብቻ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ፣ የምላጩ ቦታና ማንኛውም ጉድጓድ በልጆች መጫወቻ ሸክላ ይደፈናል። ከዚያ ብረቱ በሙሉ የማያጣብቅ ሰም ይቀባል፤ ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት ለዚህ ያገለግላል። አንዲት ቦታ ከተረሳች ብረቱና እንጨቱ በቁርባን ይጋባሉ፣ ፍቺ የለም። ብሎኖቹ በዚህ ጊዜ አይጠብቁም፤ ሪሲቨሩ ሳይጨነቅ በራሱ ክብደት ይቀመጣል። ቢያንስ 24 ሰዓት በሞቀ ክፍል ከቆየ በኋላ ይላቀቃል። ሲገጣጠም የጥብቀቱን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ 65 ኢንች-ፓውንድ ይጠብቃል። ይህ ቁጥር ቱቦ ለገባበት ሰደፍ ነው፤ ባዶ እንጨት ላይ አትሞክሩት።

ፋብሪካው ከሰደፉ የፊት ጫፍ አጠገብ በርሜሉን የሚደግፍ ጉብታ ትቶ ከሆነ እሱም ይነሳል። በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል የዶላር ኖት ካለፈ በቂ ነው የሚሉ አሉ። እሳቸው ግን ከዚያ ሰፋ ያደርጉታል፤ የቨርጂኒያ በጋ እርጥበት ዋልነትን አሳብጦ በርሜሉን ሊያስነካው ይችላል። የአፈሙዙን ጫፍም ቶርኖ ላይ አድሰው 11 ዲግሪ አድርገውታል። ጥይቱን መጨረሻ ላይ የሚለቀው ይህ ጠርዝ ስለሆነ በአንድ በኩል የምትገኝ ጭረት እንኳ አቅጣጫውን ታበላሻለች።

ምላጩን ከመንካታቸው በፊት የተሠራበትን ዘመን ጠይቀዋል። ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ2014 ከሜይ 2006 እስከ ኤፕሪል 2014 የተሠሩ ኤክስ-ማርክ ፕሮ ምላጮችን አስጠርቷል፤ ሲገጣጠሙ የተቀባባቸው ማጣበቂያ ስለበዛ ሳይሳቡ ሊያስተኩሱ ይችሉ ነበር። ምላጭ አቅልሎ ያለ ፍተሻ የሚመልስ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ተውት። እሳቸው ባዶውን ጠመንጃ አቀባብለው ሰደፉን በጎማ መዶሻ ይመታሉ፣ ቦልቱን በኃይል ይዘጋሉ፣ መጠበቂያውን ደጋግመው ይከፍታሉ። ከእነዚህ በአንዱ እንኳ መርፌው ከወደቀ ምላጩ ከልክ በላይ ቀልሏል ማለት ነው፤ እንደገና ይከብዳል።

ወደ እንጨቱ እንምጣ። አሮጌው ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም፤ በኬሚካል ይላቀቃል። በፍቅፋቂ ሲወጣ ጠርዙ ይዶለዱማል፣ እንጨቱም ከብረቱ ዝቅ ብሎ ይቀራል። የተሰረጎደው ቦታ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎ በጋለ ካውያ ይታጠናል፤ የተጨፈለቀው እንጨት በእንፋሎቱ ይነሳል። የተቆረጠ እንጨት ግን በእንፋሎት አይመለስም። ከዚያ ከ150 ተነስቶ በ220 እና በ320 አልፎ እስከ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈው የሰደፉ ላስቲክ ግን በዚህ ጊዜ አይነቀልም፣ ጠርዙን የሚጠብቀው እሱ ነው። በመካከል እንጨቱ በውኃ እየታበሰ የቆመው የእንጨት ቃጫ ይላጫል፤ ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ዝናብ ያቆመዋል። ለእጅ መያዣ የተቀረጸው መስመር ፈጽሞ በብርጭቆ ወረቀት አይነካም፤ በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል።

ዘይቱ የተልባ ነው። ወጥ ቤት ያለው የተልባ ዘይት አይሆንም፤ ሳይደርቅ ሳምንታት እየተጣበቀ ይኖራል። ለእንጨት ቅብ ተብሎ ከሱቅ የሚገዛው ግን ማድረቂያ የተጨመረበት ስለሆነ አይበላም። በጣት በጣም ስስ አድርጎ መቀባት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ባለአራት ዜሮ (እጅግ ደቃቅ) የብረት ሱፍ ማሳለፍ፣ እንደገና መቀባት። ወፍራም ቅብ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ለስላሳ ይቀራል፤ በኋላ ይጨማደዳል። በርሜሉ የሚተኛበት የእንጨቱ ቦይና ከላስቲኩ ስር ያለው የእንጨት ጫፍም መቀባት አለባቸው። ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው፣ እርጥበት የሚገባውም በዚያ ነው። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ ራሱ ሞቆ ይነድዳል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ለበርሜሉ የመረጡት ዝግተኛውን የዝገት አጠቋቆር ነው። ብረቱ ከቅባት ይጸዳል፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም። መድኃኒቱ ይቀባና እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ ቀይ ዝገት እስኪያወጣ ይቆያል። በተጣራ ውኃ ሲቀቀል ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል። የላላው በለስላሳ ሽቦ ይጠረጋል፣ እንደገና ይቀባል፤ ቀለሙ እስኪጠልቅ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የቧንቧ ውኃ ነጠብጣብ ይተዋል። ሲወለወል መለያ ቁጥሩ እንዳይደበዝዝ ይጠነቀቃሉ፤ ማጥፋት በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

ወረፋቸው ረጅም ነው፣ ስልክም ቶሎ አያነሱም። ጠመንጃው እሳቸው ጋ ካደረ የሥራ ፈቃዳቸው በሚያዝዘው መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል፤ ለራሱ ለአምጪው ሲመልሱ አዲስ ቅጽ አያስሞሉም። ስትሄዱ ቦልቱን አብራችሁ ውሰዱ፣ ጥይት ግን አትውሰዱ። ከተመለሰ በኋላ ማነጣጠሪያውን እንደ አዲስ አስተካክሉ፤ የቀድሞው ቁጥር አይሠራም።