ከደጋ ወርዶ ሀዋሳ ላይ የተሸጠልኝ የንብ መንጋ

ሀዋሳ ውስጥ ቀፎ፣ ማጨሻና ሰፈፍ ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ባለፈው ጥቅምት ሁለት ዘመናዊ ቀፎ ከነንባቸው ገዝቼ ነበር። ስለ ዕቃው ብዙ የምለው የለኝም፤ ሣጥኑ በደንብ የደረቀ እንጨት ነው፣ ፍሬሞቹም (ንቦቹ እንጀራ የሚሠሩባቸው ክፈፎች) ሳይጣበቁ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ቅሬታዬ ስለ ንቡ ነው።

ሁለቱም «የአካባቢው ንብ» ተብለው ነው የተሸጡልኝ። ክዳናቸውን ስከፍት ግን የአንደኛው ቀፎ ንቦች ጠቆርና ገዘፍ ያሉ፣ እጅ ሲገባባቸው እንኳ የማይቆጡ ሲሆኑ፣ የሌላኛው ሆዳቸው ቢጫ ቀለበት ያለው፣ አነስ ያሉና ቁጡ ነበሩ። ደጋግሜ ስጠይቅ ሻጩ የመጀመሪያው መንጋ ከሁላ ደጋ የወረደ መሆኑን አመነልኝ። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ሁላ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው።

ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። የኬንያን የተራራና የቆላ ንቦች ዘረ መል ያነጻጸረ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሁለቱ በአብዛኛው ተመሳሳይ ሆነው ሳለ በ7ኛውና በ9ኛው ክሮሞዞም ላይ ባሉ ሁለት ሰፋፊ ክፍሎች ግን በጉልህ እንደሚለያዩ አሳይቷል። የኢትዮጵያ ንብ ሌላ ንዑስ ዝርያ ስለሆነ ያንን ግኝት እንዳለ ለሁላ ንብ አልሰጥም፤ ከፍታ በንብ ዘር ላይ አሻራውን እንደሚተው ለመረዳት ግን ይበቃል።

ሻጩ «ግድ የለም፣ ይለምዳሉ» አለኝ። ሠራተኛ ንብ ግን በሥራ ወቅት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ስለሆነ ለመልመድ ጊዜ የላትም፤ ንግሥቲቱ ደግሞ ከደጋ ድንጉላዎች (ወንድ ንቦች) የተቀበለችውን ዘር ዕድሜዋን ሙሉ ስለምትጠቀምበት፣ እሷ እስካለች ድረስ ሀዋሳ ላይ የሚፈለፈሉት ሁሉ የደጋ ልጆች ናቸው።

የካቲት ላይ የደጋው መንጋ ቀን ቀን በቀፎው አፍ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ይውል ጀመር። አንድ ማለዳ ስሄድ ጥቂት ባዶ የማር እንጀራ ትቶልኝ ኮብልሏል። ቀፎውን ጥላ የሌለበት ቦታ ማስቀመጤ የእኔ ጥፋት ስለሆነ ሁሉን በዘሩ አላላክክም፤ ይሁን እንጂ እዚያው አጠገቡ የነበረው ባለ ቢጫ ቀለበቱ መንጋ ፍሬሞቹን ሞልቶ ነበር።

በሱቁ የሚሠራ አንድ ወጣት ኋላ እንደነገረኝ፣ የደጋዋን ንግሥት አንስቶ መንጋው ራሱ አዲስ እንዲያሳድግ ቢደረግ፣ ልጅቱ ከሐይቁ ዳር ድንጉላዎች ጋር በአየር ላይ ተዳቅላ ሠራተኞቿ ግማሽ ዘራቸው የዚሁ አካባቢ ይሆን ነበር። ይህ ምክር በሽያጩ ዕለት መነገር ነበረበት። ሣጥንና ማጨሻ ከዚያው ሱቅ ደግሜ እገዛለሁ፤ ንብ ግን መንጋው የተያዘበት ቀበሌ ደረሰኙ ላይ ካልተጻፈልኝ አልገዛም።