የተጎነጎነ የዓሣ ክር በጣና ደንገል ውስጥ፦ ከአሥር ወር በኋላ

የክሩ ማሸጊያ ላይ የተሣለው ከሣር መሀል ዘሎ የሚወጣ ባስ ነው። ባስ የአሜሪካ ዓሣ ነው፤ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ በ1929 እ.ኤ.አ. ገብቷል፣ ጣና ግን የለም። ሥዕሉ ቢሆንም ጨርሶ አልዋሸም። ክሩ ሣር ለበዛበት ውኃ የተሠራ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚወስደው የደንገል ዳር ደግሞ ሣር አልጎደለበትም።

እንደ ሹሩባ በ4 ፈትል የተጎነጎነ፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 150 ሜትር ጥቅል ነው። ጥንካሬው 13.6 ኪሎ ተብሎ ተጽፎበታል። ከመስከረም እስከ ሰኔ በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ በ3000 ቁጥር ሪል (እጀታ ያለው የክር መጠቅለያ) እና በ2.1 ሜትር ዘንግ ሠርቷል፦ ለቀረሶ በትል፣ ለአምባዛ በዓሣ ቁራጭ፣ ትንንሽ ዓሣ ለሚያሳድደው ነጭ ዓሣ በሚያብለጨልጭ ማንኪያ፣ ማለትም ትንሽ ዓሣ በሚመስል የብረት ማታለያ።

ትልቁ ጥቅሙ አለመለጠጡ ነው። በተለመደው የናይለን ክር፣ ዓሣው 20 ሜትር ርቆ ሳለ ዘንጉን ወደ ላይ ቢመቱት ግማሹን ምት ክሩ ራሱ ይበላዋል፤ እስኪወጠር ድረስ ዓሣው ደንገል ዞሮ ጨርሷል። በዚህ ክር ግን ምቱ ወዲያው መንጠቆው ላይ ይደርሳል፣ የዓሣው አፍ ገና ሳይሸሽ ወደ ክፍት ውኃ ይዞራል። ከውኃ በታች ያለውን ለስላሳ ሣርና የእምቦጭን ስፖንጅ የመሰለ አገዳ እንደ መጋዝ ይቆርጣል። ሻጮች «ሁሉንም ሣር ይቆርጣል» የሚሉት ግን ደንገልን አይተው አይደለም። የበሰለ የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ቃጫውም ጠንካራ ነው፤ ክሩ ጠርዙን ይነክስና እዚያው ይቀረቀራል። ያኔ መጎተት ዋጋ የለውም፤ በተለይ ታንኳ ላይ ከሆኑ አገዳው ወደ እርስዎ አይመጣም፣ ታንኳው ነው ወደ አገዳው የሚሄደው። ክሩን አላልቶ በሌላ ማዕዘን ተጠግቶ ማስለቀቅ ይሻላል።

አጠቃቀሙ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ገና ሲጠቀልል ነው። ክሩ ልሙጥ ስለሆነ ባዶ ማጠንጠኛ (ክሩ የሚጠቀለልበት የሪሉ ክፍል) ላይ በቀጥታ ከታሰረ ሙሉ ጥቅሉ ይንሸራተታል፤ እጀታው ይዞራል፣ ዓሣው አይመጣም፣ ሪሉ የተበላሸ ይመስላል። መጀመሪያ 10 ሜትር ያህል 0.30 ሚሊ ሜትር ናይለን ይጠቅለል፣ ከዚያ ይህኛው ይቀጠልበት። ሲጠቀለል በእርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ይያዝ። ላላ ብሎ ከተጠቀለለ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት የላይኛው ክር በታችኛው መሀል ሰርስሮ ይገባል፣ በሚቀጥለው ውርወራ ማንኪያው ብቻውን ይሄዳል። ከማጠንጠኛው ከንፈር 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል ይቁም፤ እስከ አፉ ከሞሉት በገፍ ይፈስና ይተበተባል።

ትብትቡ ሁለተኛ ምክንያትም አለው፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የጣና ነፋስ። ከውርወራ በኋላ የሪሉን የሽቦ ቀስት በእጀታ ሳይሆን በእጅ መዝጋት፣ ቀጥሎም ክሩን አንዴ በጣት ሳብ አድርጎ ማጥበቅ። ይህን ማድረግ ከተጀመረ ወዲህ የተወሳሰበ ቋጠሮ ከሞላ ጎደል ቀርቷል።

ደካማው ጎኑ ቋጠሮ ነው። በናይለን የለመድነው አምስት ዙር ጠምዝዞ ማሰር እዚህ ሾልኮ ይፈታል። የሚይዘው ይህ ነው፦ ክሩን 15 ሳንቲ ሜትር አጥፎ ድርብ ማድረግ፤ ድርቡን በመንጠቆው ቀዳዳ ማሳለፍ፤ ተራ ቋጠሮ ማሰር ግን አለማጥበቅ፤ መንጠቆውን በቀረው ቀለበት ውስጥ ማሾለክ፤ በምራቅ አርሶ ቀስ ብሎ መሳብ። እንዲህም ታስሮ በተንጠልጣይ ሚዛን ሲሳብ 10 ኪሎ ገደማ ላይ ተበጥሷል፣ የተበጠሰውም ቋጠሮው ላይ ነው። የተጻፈውን 13.6 ኪሎ ለጌጥ ይተዉት። ለዚህ ሥራ 10 ኪሎም ተርፎታል፤ የሪሉ ፍሬን፣ ዓሣ ሲጎትት ክር የሚለቀው፣ 3 ኪሎ ላይ ሲለቅ ይበቃል። አልለጠጥ ባይ ክር ላይ ፍሬን ማጥበቅ የዓሣውን ከንፈር ቀድዶ መንጠቆውን ባዶ ይመልሳል።

የዘጌ ጥቁር ድንጋይ ጋ ሲደርስ ክሩ ገመናው ይወጣል። ናይለን ድንጋይ ሲነካው ተጭሮ ይቆያል፤ ይህ ግን ቀጫጭን ፈትሎቹ አንድ በአንድ ይቆረጡና በድንገት ጥ ይላል። ከፊቱ 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 0.40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን መቀጠል ይረዳል። ሁለቱ ክሮች ጎን ለጎን ተደርገው እያንዳንዱ በሌላው ላይ ይታሰራል፤ ናይለኑ 4 ዙር፣ የተጎነጎነው 8 ዙር። የዙሩ ቁጥር የሚለያየው ልሙጡ ክር የበለጠ መያዣ ስለሚፈልግ ነው። ድንጋይ ብቻ ባለበት ቦታ ግን እውነቱን ለመናገር ናይለን የሞላ ሌላ ማጠንጠኛ መያዝ ይሻላል።

አረንጓዴው ቀለም በሁለት ወር ነጥቷል፤ ጥንካሬው ላይ ለውጥ አላመጣም። የፊተኛው 3 ሜትር ግን ጸጉር ያወጣል፣ በጣት ሲዳሰስ ሻካራ ይሆናል። ያኔ ያንን ያህል ቆርጦ ጥሎ እንደገና ማሰር ነው። የካቲት ላይ ሙሉ ጥቅሉ ተገልብጦ የኋላው ወደ ፊት መጥቷል። የዘንጉን ቀለበቶችም መፈተሽ ያስፈልጋል፦ ትንሽ ጥጥ በእያንዳንዱ ውስጥ ያሳልፉ፤ ጥጡን የያዘ ቀለበት ተቧጥጧል ማለት ነው፣ ክሩንም የሚበላው እሱ ነው። ርካሽ ዘንግ ላይ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ነው መጀመሪያ የሚሄደው።

ክሩ አንድ ነገር ላይ ሲቀረቀር በእጅ ጠቅልሎ መሳብ ጨርሶ አይሞከርም፤ ሥጋን እስከ አጥንት ይከፍላል። አጭር እንጨት ላይ ይጠቅልሉና በእሱ ይሳቡ። ደነዝ ቢላ አይቆርጠውም፣ ስለታም መቀስ ይያዙ። የተቆረጠው ትርፍ ክር ሐይቁ ዳር አይጣል፤ አይበሰብስም፣ ወፍ እግር ላይ ይተበተባል።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ወንዞች ይወጣል። በጎጃም በኩል ግልገል ዓባይ ወንዝ ወደ ሐይቁ መግቢያ ላይ መንጠቆ መጣል በዚያ ወቅት ልክ አይደለም፤ ክሩም እዚያ ያርፋል። አሁን ማጠንጠኛው ላይ 110 ሜትር ያህል ቀርቷል። የረጅሙ ውርወራ 35 ሜትር ስለማያልፍ ለሌላ በጋ ይበቃል። ሲያልቅ ያው 4 ፈትሉ ይገዛል፤ 8 ፈትሉ ለስላሳ ቢሆንም ፈትሎቹ የባሰ ቀጫጭን ናቸው፣ ደንገል ደግሞ ለስላሳነት አይጠይቅም።