በክንድ የሚሸጥ ሸማ፦ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ሲገዙ

ባሕር ዳር ላይ የሽማኔ ሥራ የሚገዛ ሰው ሜትር በኪሱ ቢይዝም ሻጩ የሚነግረው በክንድ ነው። ይህ አሠራር ለነጠላና ለጋቢ እስካሁን የሚመች ነው፤ ለመጋረጃና በልክ ለሚሰፋ ቀሚስ ግን አንመክረውም። ምክንያቱ ያለው አለካኩ ላይ ነው።

ክንድ ከክርን ጫፍ እስከ መሐል ጣት ጫፍ ነው። ሁለት ስንዝር፣ ስድስት ጋት ወይም ሃያ አራት ጣት ይሆናል። ጋት የሚባለው አውራ ጣት ሳይጨመር አራቱ ጣቶች ተጋጥመው የሚይዙት ወርድ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት የኖኅን መርከብ ርዝመት 300 ክንድ ሲል የሰማ ሰው ክንድ ቁርጥ ያለ ልክ ይመስለዋል። ገበያ ላይ ግን የአዋቂ ክንድ በአብዛኛው ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ልኩ የለኪው ነው። ክንዱ 46 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሻጭ 10 ክንድ ሲቆርጥ 4 ሜትር ከ60 ይሰጣል፤ 50 የሆነው ደግሞ 5 ሜትር። ልዩነቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አንድ ክንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ስለዚህ ከዋጋ በፊት «በማን ክንድ ነው የሚለካው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ጥሩ ሻጭ በዚህ አይቆጣም፤ «በፈለግሽው እህቴ፣ ነይ ራስሽ ለኪው» ይላል።

እጁንም ማየት ነው። በደንብ የሚለካ ሰው ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ያነጥፋል፣ ክርኑን ጠርዙ ላይ ያሳርፋል፣ መሐል ጣቱ የደረሰበትን በሌላው እጁ አውራ ጣት ይይዝና ቀጣዩን ክንድ ከዚያው ነጥብ ይጀምራል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ክርኑ ነጥቡ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ቢያርፍ በየክንዱ አንድ ጣት ያህል ይጠፋል፤ በ10 ክንድ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ማንም አላጭበረበረም፣ ጨርቁ ግን አጥሯል። ሌላው ጨርቁን ወጥሮ መለካት ነው። የእጅ ፈትል ማግ (በወርዱ የሚገባው ክር) ያለው ሸማ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ሳይወጠር፣ ሳይሸበሸብም ተኝቶ ይለካ።

ዘርፉም ጣጣ አለው። አንዳንዱ ሻጭ ጫፉ ላይ የሚቋጨውን ክር ከክንዱ ጋር ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ማግ ከገባበት ይጀምራል። ሁለቱም ያስኬዳል፣ አስቀድሞ ከተነገረ።

ስለ ወርድ ብዙ አያከራክርም። ሽማኔው መወርወሪያውን በእጁ ስለሚወረውር ወርዱ እጁ ከሚደርስበት አያልፍም፤ አብዛኛው ከክንድ ተኩል እስከ ሁለት ክንድ ነው። ጋቢ መሐሉ ላይ ስፌት የሚኖረውም ለዚህ ነው፤ ጉድለት አይደለም።

ክንድ ከሜትር ይልቅ የሚመቸው ለጋቢ ነው። የሰው ቁመት በራሱ ክንድ ሲለካ ወደ አራት ይጠጋል። ለመተኛ የሚሆን ጋቢ ቁመትን ሸፍኖ እግር የሚጠቀለልበት አንድ ክንድ መትረፍ አለበት፤ ስለዚህ በለባሹ ክንድ አምስት ነው። ረጅሙም አጭሩም «አምስት በራሴ ክንድ» ብሎ ቢያዝ ልኩን ያገኛል። ለሌላ ሰው የሚያዝ ደግሞ የለባሹን ክንድ በክር ለክቶ ክሩን ለሽማኔው ይስጥ። ክር አይረሳም፣ አይከራከርም።

ለቀሚስ ግን ልብስ ሰፊው የሚቆርጠው በሳንቲ ሜትር ስለሆነ በሜትር ይገዛ። ሻጩ በክንድ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ የክንዱን ርዝመት በሜትር ለክቶ ማባዛት ነው።

ሻጩ በመጨረሻ ጋት ያህል «ምርቃት» ብሎ ቢጨምር ደስ ይላል፤ ግን ሂሳቡ ውስጥ አይግባ። ሸማው ሳይሰፋ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፍ፣ ሳይጠመዘዝ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ከዚያ እንደገና ይለካ። ልብስ ሰፊው ጋ ይዞ የሚኬደው ይህ ሁለተኛው ልክ ነው።