ዝናብ የማያስገባው ጣሪያ ራሱ ሲያንጠባጥብ፦ የጭስ በርሜል መጠለያዬ ከወራት በኋላ

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሥጋ የማጨስበትን በርሜል ከዝናብ እንዲከልልልኝ የገዛሁት ይህ መጠለያ ዝናብ አያስገባም። ክረምቱን ሙሉ አንዲት ጠብታ ከላይ አላሳለፈም። ግን ከጣሪያው ሥር ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ መራራ ውሃ ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበው ደግሞ ሥጋው ላይ ነው። ሻጩ ዛሬ ፊቴ ቆሞ «ያው ዝናብ አላስገባም አይደል?» ቢለኝ መልሴ አጭር ነው። ውሃው ከየትም ይምጣ፣ ሥጋዬ ላይ ካረፈ መጠለያው ሥራውን አልሠራም።

ደሴ ነው የምኖረው፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ። ጓሮዬ ውስጥ ከባለ 200 ሊትር በርሜል የተሠራ የሥጋ ማጨሻ አለኝ። ከታች ከሰልና ደረቅ የወይራ ፍልጥ ይነዳል። ከላይ የብረት ፍርግርግ አለ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ አጭር ጭስ ማውጫ። ሙቀቱ ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ተይዞ ሥጋው ቀስ እያለ ይበስላል። ጥብስ አይደለም፣ ቋንጣም አይደለም። አንድ ትልቅ ፍርምባ ከንጋት እስከ ማታ ሊቆይ ይችላል። ወይራን የያዝኩት እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት እንጨት ስለሆነ ነው፤ መዓዛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባሕር ዛፍና ጥድ አላስጠጋም። ዘይታቸውና ሙጫቸው ሥጋውን ያመርረዋል።

መጠለያ ለምን አስፈለገ? ደሴን የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ አንዳንዴም በረዶ አለ። ክረምቱ አለቀ ሲባል የበልጉ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ይመጣል። የጋለ በርሜል ላይ ዝናብ ሲወርድበት ሙቀቱ ወዲያው ይወድቃል። ሥጋው መሐል ላይ ይቆማል፣ ከሰሉ ያልቃል፣ በርሜሉም ይዝጋል። ስለዚህ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ተሠርቶ ያለቀ መጠለያ ከአንድ ብረታ ብረት ቤት ገዛሁ። ዋጋውን አልጽፍም። የብረት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ለማንም አይጠቅምም።

ዕቃው ይህን ይመስላል። አራት የቱቦላሬ ቋሚ፣ ከላይ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር። ጣሪያው ለጥ ያለ ነው፤ ወደ ኋላ ትንሽ ብቻ ያዘነብላል። ሻጩ «ለባጃጅ ይሆናል፣ ለጄኔሬተር ይሆናል፣ ለማንኛውም ነገር ይሆናል» አለኝ። እኔ ደግሞ ለምን እንደምፈልገው በግልጽ ነገርኩት። የበርሜሉን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። ከሥሩ እሳት እንደሚነድ፣ ጭስ ሙሉ ቀን እንደሚወጣ ነገርኩት። «ምን ችግር አለው፣ ብረት እኮ ነው» አለ።

በብየዳው አልከሰውም። ብየዳው ንጹህ ነው። ቋሚዎቹ አልተነቃነቁም፣ ቀለሙ አልተላጠም፣ በረዶም ችሎታል። ይህንን ሁሉ እመሰክርለታለሁ።

ክረምት ላይ የበርሜሉ ክዳን ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ማየት ጀመርኩ። ቆርቆሮው ያፈሰሰ መስሎኝ የጣሪያውን ሚስማር አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ሁሉም ጥብቅ ነው። ከላይ ውሃ ሲፈስበት ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ሻጩ ጋ ስደውል «ክረምት ነው፣ እርጥበት ነው፣ መስከረም ሲጠባ ይተዋል» አለኝ። ጠበቅኩ። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምትም አለፈ። ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ጥርት ሲል ነገሩ ጭራሽ ባሰ። ዝናብ በሌለበት ወር፣ በጠራ ጠዋት፣ ጣሪያዬ ጠብ ጠብ ይላል።

ምክንያቱ ከገባኝ በኋላ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። ምክንያቱም ነገሩ ከባድ አይደለም። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ስስ ብረት ስለሆነ ይዞ የሚያቆየው ሙቀት የለውም። በዙሪያው ካለው አየር እንኳ በልጦ ይቀዘቅዛል። በክረምት ደመናው ሙቀቱን ስለሚመልስ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ምሕረት የለውም። እኔ ደግሞ ፍርምባው ለእራት እንዲደርስ እሳቱን የማነደው በንጋት ነው፤ ቆርቆሮው ከምንጊዜውም በላይ በቀዘቀዘበት ሰዓት።

አሁን እሳቱን አስቡት። ብዙ ሰው ደረቅ እንጨት ውሃ የለውም ብሎ ያስባል። እንጨት ውስጥ ሃይድሮጅን አለ፤ ሲነድ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል። አንድ ኪሎ ፈጽሞ የደረቀ እንጨት ተቃጥሎ ሲያልቅ ግማሽ ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከሥጋው የሚተነው ደግሞ ለብቻው ነው። ይህ ሁሉ እንፋሎት ከጭሱ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ይነካል፣ ውሃ ይሆናል። ውሃው ጥቀርሻውንና የጭሱን ሬንጅ ይዞ ይጠቁራል። ጣሪያው ተዳፋት ቢኖረው ጠብታው በቆርቆሮው ሥር እየተንሸራተተ ወደ ጠርዙ ይሄድ ነበር። ለጥ ያለ ስለሆነ ግን የሚሄድበት የለውም። እዚያው ይከብድና ይወድቃል።

የደሴ ከፍታም የራሱን ይጨምራል። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። እሳቱ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። አየር ማስገቢያውን ካላሰፋሁለት ይታፈናል፤ የታፈነ እሳት ደግሞ ነጭ፣ ወፍራም፣ ሬንጅ የበዛበት ጭስ ያወጣል። ይህን ስለማውቅ ማስገቢያውን ሰፋ አድርጌ ነው የምሠራው። ሻጩ «ጭሱን ቀንስ» ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ቀንሼዋለሁ። ውሃው ግን ከንጹህ እሳትም ይወጣል።

በጣም ያሳዘነኝ አንድ ቀን አለ። ታኅሣሥ ላይ ቤታችን ዝግጅት ነበረንና ጎረቤት ተጠርቷል። ሥጋውን ከበርሜሉ አውጥቼ እዚያው መጠለያው ሥር ጠረጴዛ ላይ እየቆረጥኩ ነው። አንድ የሰፈራችን አባት አጠገቤ ቆመው ያጫውቱኛል። ነጭ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ጥቁሩ ጠብታ ትከሻቸው ላይ አረፈ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። እኔ ስደነግጥ እሳቸው «ግዴለም ልጄ፣ ይታጠባል» አሉኝ። አልታጠበም። ልጃቸው ደጋግማ አጥባዋለች፤ ቢጫው ምልክት እስከ ዛሬ አለ። ሥጋውም ላይ ደርሶ ነበር፤ ጠብታው የነካውን ሁሉ ቆርጬ ጣልኩት። ያ ጠብታ ምላስ ላይ ሲያርፍ ምሬቱ ቶሎ አይለቅም። ሙሉ ቀን የደከምኩበትን ሥጋ እንግዳ ፊት እየቆረጡ መጣል ምን እንደሚመስል ለዚያ ሻጭ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ከዚያ በኋላ እንደገና ደወልኩለት። መፍትሔ ብሎ የነገረኝን ሁሉ ልጻፍ፤ ሌላ ሰውም ይነገረው ይሆናል።

አንደኛው «ሦስቱን ጎን በላሜራ እንዝጋልህ፣ ሙቀት ይይዛል» የሚል ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። በዝግ ቤት የከሰል ጭስ የጨረሰውን ሰው ወሬ ያልሰማ አገር የለም። እኔ ሙሉ ቀን የምቆምበትን ቦታ በሦስት ጎን ዝጋ የሚል ሰው ስለ እሳት አላሰበም ማለት ነው።

«ከቆርቆሮው ሥር ሸራ ወጥርበት» ደግሞ አለኝ። የላስቲክ ሸራ ከእሳት በላይ! ይቀልጣል፣ ይነዳል። ይህን ምክር ባይሰጠኝ ይሻል ነበር።

ሌላው የሚመካበት ነገር «ኮምቦልቻ ያለ ደንበኛዬ ይህንኑ ወስዶ አንድም ቀን አላማረረም» የሚለው ነው። እውነቱን ነው። ወዳጄ ነው የገዛው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። ጣሪያው ሥር ጥቀርሻ አለ፣ ጠብታ ግን እምብዛም የለም። ግን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደሴ በመኪና ቁልቁል ስትወርዱ ጃኬታችሁን የምታወልቁት በምክንያት ነው። በዚያ የከፍታ ልዩነት አየሩ በ4 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሌሊቱም እንደ ደሴ ቆርቆሮ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ የተመሰገነ ጣሪያ ደሴ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ለሁለቱም ከተማ የሚሸጥ ሰው ይህንን ማወቅ አለበት።

ከሁሉ የገረመኝ «ዚንክ የተነከረ ነው፣ አይዝግም» ያለው ነው። ለዝናብ ልክ ነው። የእንጨት ጭስ ውስጥ ግን አሴቲክ አሲድ አለ፤ ኮምጣጤን ኮምጣጤ ያደረገው አሲድ ማለት ነው። ዚንክን ይበላዋል። ከበርሜሉ ትይዩ ያለው ቆርቆሮ ከሥር በኩል መጀመሪያ ነጫጭ ሆነ፤ አሁን ዝገቱ ጀምሯል። ከላይ ሲታይ አዲስ ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ ያየ ሰው ነው እውነቱን የሚያውቀው።

የጭስ ማውጫውን በቧንቧ ወደ ጎን ለመውሰድም ሞክሬአለሁ። ረጅም ቧንቧ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ሬንጁ ውስጡ እየተጠራቀመ ተመልሶ ወደ በርሜሉ ይወርዳል። አነሳሁት። አሁን የማደርገው ይህ ነው፦ ንጋት ላይ የጣሪያውን ሥር በእንጨት ጫፍ ባሰርኩት ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ከዚያ ሥጋ ሳላስገባ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ በከሰል ብቻ እሳት አነዳለሁ። ቆርቆሮው ሲሞቅ ፍልጡን እጨምራለሁ። ጠብታው በጣም ይቀንሳል። ግን ከሰል ያባክናል፣ ሰዓት ይበላል፣ በብርድ ያስነሳል። ሥጋውን ደግሞ እዚያ መቁረጥ ትቻለሁ፤ በትሪ ይዤ ወደ ቤት እገባለሁ።

እናቴ ባለፈው መጥታ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና «የእኛ ማድ ቤት ስንት ዘመን ጨሶ መች ጠብ ብሎ ያውቃል?» አለች። እውነቷን ነው። የሳር ክዳን ሾጣጣ ነው። ጭሱ በሳሩ መሐል እየሰረገ ይወጣል። ሳሩም እንደ ብረት አይቀዘቅዝም። ጥቀርሻው ደርቆ እዚያው ይንጠለጠላል እንጂ አይንጠባጠብም። በርሜል ላይ ሳር ክደኑ እያልኩ አይደለም፤ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ግን ጭስ መውጫ እንደሚፈልግ፣ ጣሪያም ተዳፋት እንደሚፈልግ በወሎ ገጠር ማንም ያውቃል። ብረት በያጁ ብቻ እንዴት አያውቅም?

ደሴ፣ ወይም እንደ ደሴ ቀዝቃዛ ከተማ ውስጥ ላላችሁ፣ ይህን ዕቃ አትግዙት። ለባጃጅ ግዙት፣ ጥሩ ነው። ለጭስ በርሜል የምታሠሩ ከሆነ አንድ ሜትር ሲሄድ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር የሚወርድ ጣሪያ ጠይቁ። በርሜሉ ከፍ ባለው ጠርዝ በኩል ይቁም፤ ጭሱ ሽቅብ ሄዶ በዚያ ይወጣል። ጠብታው ቁልቁል ሄዶ ሥጋ በሌለበት ይወርዳል። ዝቅተኛው ጠርዝ ዝናቡ ገርፎ በሚመጣበት በኩል ይሁን። አሸንዳም ይኑረው። ከቆርቆሮው ሥር ጭስና ሙቀት የሚችል ቀለም አስቀቡ። ጎኖቹን አታዘጉ።

እኔ ገንዘቤን በከንቱ ጣልኩ አልልም፤ ቋሚዎቹ ይጠቅሙኛል። ለጣሪያው የከፈልኩት ግን ያንገበግበኛል። የበልጉ ዝናብ ሳይገባ ክዳኑን አስነቅላለሁ። የፊቶቹን ሁለት ቋሚዎች በብየዳ አስረዝሜ አዲስ ተዳፋት ጣሪያ አስመታለሁ። ሥራውን የሚሠራው ሌላ ባለሙያ ነው። ሊለካ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ነው።